ያለ ብረት ይምጣ

ከዘቢዳር ተራራ፣ ኅዳር 12 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለተከበሩ አበልጄ ለወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ፤

ጤናዎን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። እኔ የተራራው ብርድ ጉልበቴን ከመያዙ በቀር ደህና ነኝ። ወረቀትዎን ቅቤ ነጋዴዋ የሺመቤት በቅል ውስጥ ደብቃ ስላመጣችው ግማሹ ፊደል ቅቤ ጠጥቷል። ቢሆንም ጥያቄዎን አልሳትኩትም። አዎ፣ ልጅዎ ተረፈ በሕይወት አለ። ቆዳው እንኳ አልተጫረም።

ባለፈው ሰኞ ከቡኢ ወደ ቡታጅራ ስንቅና ጥይት ጭኖ ሲወርድ የነበረውን የጣሊያን ጓዝ ገደሉ ሥር ጠብቀን መታነው። መንገዱ እዚያ ላይ እንዴት እንደሚጠብ ያውቁታል። መትረየሱ ሳይጠመድ ተኳሹ ወደቀ። ከዚያ በኋላ የሆነው ለእናት የሚጻፍ አይደለም። በቅሎዎቹ ሆዳቸው ተዘርግፎ ይራገጡ ነበር፤ ባንዳውም ቁልቁል እየተንከባለለ ድንጋዩን ሁሉ ደም አለበሰው። ከእኛም የቀሩ አሉ። ተረፈ በዚያች አሮጌ ውጅግራ ተኩሶ አልሳተም። ክርስትና ሳነሣው በለቅሶ ጆሮዬን ያደነቆረኝ ልጅ ለዚህ በቃ ብዬ ኮራሁ።

ከጓዙ ጋር የሰፈር ሰው ነበረ ወይ ብለው ለጠየቁኝ ግን፣ በጭስ ውስጥ ሰው ከሰው አይለይምና የማውቀው የለም። ልጅዎ ጉልበትዎን ይስማል። በገዛ እጁ አንድ መስመር ጻፍ ብለው ደክሞኛል አለኝ። ይቅር ይበሉት።

አበልጅዎ ግራዝማች ገሠሠ


ከእንሴኖ፣ ኅዳር 24 ቀን 1930 ዓ.ም.

አበልጄ ግራዝማች፤

እንደምን ሰነበቱ ማለት ደንብ ነውና እንደምን ሰነበቱ። እኔ እናገራለሁ፣ ቄስ ገብረእግዚአብሔር ይጽፋሉ። ክፉ ቃል ሲያመልጠኝ ብዕሩን ያነሱብኛል፤ ስለዚህ ባዶ ቦታ ካዩ የእኔ ስድብ ነበረበት ማለት ነው።

በጭስ ውስጥ ሰው አይለይም አሉኝ። እኔ ያለ ጭስ አየሁት። ሸረፋን በገዛ በቅሎው ጀርባ ላይ አጋድመው፣ በጠፍር አስረው አመጡት። ጥይቱ በጀርባው ገብቶ በደረቱ ወጥቷል፤ ቀዳዳው ጡጫ ያስገባል። ቤቱ ከቤቴ ፊት ለፊት ነው፤ የሚለየን ጀፎሩ፣ ሰፊው የመንደር መንገድ ብቻ ነው። ተረፈን በቅሎ መጫን ያስተማረው ሸረፋ አይደለም እንዴ? ጣሊያን ከነበቅሎው በግድ ወስዶ፣ ካኪ ኮት አልብሶ ጓዝ አስጫነው። ጠመንጃ እንኳ አልሰጠውም። ወንድሙ ሸምሶ ሬሳውን ሲያወርድ ወደ ቤቴ ደጃፍ ቀና ብሎ አላየም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ያመለጠ አንድ ጫኝ ደግሞ ተረፈ ሬሳው ላይ ተደፍቶ ሲጮህ አየሁ ብሎ ለመንደሩ ተናገረ።

አባትዎ ከሰሜን መጥተው እዚህ ቢወልዱዎትም ደንባችንን ያውቁታል። የገዳይ ቤተሰብ ከባለደም ጋር አንድ ጀፎር አይረግጥም። እሳት አይጫርለትም፣ ልቅሶ አይደረስለትም። ማንም ሂጂ ሳይለኝ ወጣሁ። እንሰቴ ሳይፋቅ፣ የባሌ መቃብር ሳይታጠር ቀረ። አሁን እንሴኖ እኅቴ ማድቤት ውስጥ ነው የምተኛው፤ ባሏ በሳለ ቁጥር ውጪልኝ ያለኝ ይመስለኛል።

ስለዚህ አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ጥይቱ የተረፈ ነው ወይስ አይደለም? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ጭስ ጭስ አይበሉኝ። የሱ ከሆነ፣ አሁን እንዴት እንደሆነ ይጻፉልኝና ለእርቅ ይላኩልኝ።

ወለተጊዮርጊስ


ከዘቢዳር ተራራ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለአበልጄ ለወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ፤

ቁጣዎን ተቀብያለሁ። አዎ፣ የእሱ ጥይት ነው።

ያን ጊዜ ያልጻፍኩልዎ ልብዎ እንዳይሰበር ብዬ ነው። ተረፈ ካኪ ኮት አይቶ ተኮሰ፤ እኔም ብሆን እተኩስ ነበር። ሰውየው ሲወድቅ በቅሎውን በስሟ ጠራት። ተረፈ በድምፁ አወቀው። ጠመንጃውን ጥሎ፣ ተኩሱ ሳይበርድ ገደሉን ወረደ። ስንደርስ የሸረፋን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ ቁስሉን በመዳፉ ይደፍን ነበር፤ ደሙ በጣቶቹ መካከል ይወጣል። ሸረፋ “በቅሎዬን ያዝልኝ” አለው እንጂ ሌላ አልተናገረውም። እየጎተትን ነው ያስነሣነው።

እንዴት ነው አሁንስ ላሉኝ፣ እውነቱን ልንገርዎ። ይበላል፣ ይተኛል፣ ቀልዱ ግን ቀርቷል። ድሮ የእኔን አረማመድ እያስመሰለ ጦሩን ሁሉ የሚያስቀው ልጅ ነበር፤ ባላየ አልፈው ነበር። ባለፈው ሳምንት የጣሊያንን ኬላ ስንመታ ማንንም ሳይጠብቅ ዘሎ ገባ። አንዱን አስካሪ ወታደር በጎራዴ አንገቱን መታው፤ ሌላው ሳንጃ ሲሰነዝርበት ስለቱን በባዶ እጁ ያዘው። ጓዶቹ ጀግና ይሉታል። እኔ ግን ሞት እየለመነ እንደሆነ አውቃለሁ።

ልጁን ለእርቅ ይላኩልኝ ያሉት ግን አይሆንም። በጦርነት የፈሰሰ ደም ካሳ የለውም። ቡታጅራ ገበያ ላይ ጣሊያን የሰቀላቸውን ሰዎች አይተዋል አይደል? እናቶቻቸው እንዳያወርዷቸው ዘበኛ ቆሞባቸው ሥጋቸው ሲወርድ ሰነበተ። ለነሱ ማን ሽማግሌ ላከ? ባዶ እጁን ከተራራ የወረደ አርበኛ ገመዱን ራሱ አንገቱ ላይ እንዳጠለቀ ይቆጠራል። ልጁን የሚወዱት እርስዎ ብቻ አይደሉም።

ገሠሠ


ከእንሴኖ፣ ጥር 3 ቀን 1930 ዓ.ም.

አበልጄ ግራዝማች፤

እውነቱን ስለነገሩኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዘግይቶም ቢሆን እውነት ነው።

እርስዎ አይሆንም ቢሉም እኔ ሽማግሌ ላክሁ። ከክርስቲያኑም ከእስላሙም ትልልቆቹ ሸምሶ ዘንድ ሄዱ። ሸምሶ በሩ ላይ ቆሞ “አሰላሙ ዓለይኩም” ብሎ ተቀበላቸው፤ አስቀመጣቸው፤ የመጡበትን ሲነግሩት ግን ተነሥቶ ወጣ። ደግመው ሄዱ። በሦስተኛው ነው አፉን የፈታው። ቃሉን እንዳለ ላስጽፍ፦ “ጥይቱ የተረፈ ነው፤ ኮቱ የጣሊያን ነው። ኮቱን ላለበሰው ሽማግሌ የለኝም። ተረፈ ግን የወንድሜን ራስ እንደያዘ ሰምቻለሁ። ይምጣ። ግን ያለ ብረት ይምጣ።”

የሸረፋና የሸምሶ እናት ግን አልተስማማችም። “ልጇን አምጥታ ፊቴ ታቁመው፤ ያኔ ሆዴ የሚለውን እሰማለሁ” አለች። እኔም ብሆን ከዚህ በላይ አልልም ነበር።

ደንቡን ቄሱ በደንብ እንዲጽፉት አደራ ብያለሁ። ጥር ሲያልቅ ባለው ቅዳሜ፣ ከመንደሩ በታች ባለው ግጦሽ ላይ ነው። ተረፈ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይመጣል። ቢላዋ አይዝም፣ ወስፌ እንኳ አይዝም። ባለደሞቹም ጦራቸውን ቤት ጥለው ይመጣሉ። ሸምሶ ድንጋዩን ካወረደለት፣ ሁለቱ ከአንድ ገንቦ ውሃ እጃቸውን ይታጠባሉ። ያኔ ደሙ ታጠበ ይባላል። ወደዚያ ቦታ ብረት ያመጣ ወገን ካለ ግን፣ የሚፈሰው ደም ሁሉ በሱ ላይ ይዞራል። ይህ ለእርስዎም ነው፤ ግራዝማችነት ከደንብ አይበልጥም።

ሞት እየለመነ ነው ብለው ጽፈውልኛል። እንግዲያስ ተራራው ላይ ቢቀመጥስ ምን ያተርፈዋል? ልጄን ንጹሕ አድርገው ይስጡኝ። ከዚያ ቢፈልግ ተመልሶ ይዋጋ። ደም ተሸክሞ ከሚኖርልኝ ታጥቦ ቢሞትብኝ ይሻለኛል። ቄሱ ይህን አትበዪ ብለው ብዕራቸውን አስቀምጠው ነበር። ጻፉት አልኳቸው።

ወለተጊዮርጊስ


ከዘቢዳር ተራራ፣ ጥር 15 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለአበልጄ ለወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ፤

አሸነፉኝ። ወረቀትዎን ለተረፈ አነበብኩለት። ሳልጨርሰው ተነሥቶ ውጅግራውን ለአዳነ ሰጠው። አዳነ ምሽግ ውስጥ ከጎኑ የማይለየው ጓደኛው ነው። ከዚያ ወንዝ ወርዶ ልብሱን አጥቦ፣ ሳይደርቅ ለብሶት መጣ። በብርድ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ የእኔን አረማመድ አስመስሎ ፊቴ ተራመደ። ጦሩ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ወደ ሌላ ሳይለወጥብኝ ፊቴን አዞርኩ።

ሸምሶን አላምነውም። ጣሊያን የጓዙን ጉዳይ እየመረመረ ያንን መንደር ሁሉ ሲደበድብ የሸምሶን ቤት ለምን አለፈው? ይህን ሳስብ ደሜ ይፈላል። ሆኖም የእርስዎ ቃል ይበልጣል።

ብረት እንዳይመጣ ላሉኝ፣ ቃሌን ሰጥቻለሁ። የታጠቀ ሰው ከተራራው አይወርድም። ልጁ ብቻውን ይመጣል።

ጸሎትዎ አይለየን።

ገሠሠ


ከዘቢዳር ተራራ፣ የካቲት 2 ቀን 1930 ዓ.ም.

ለአበልጄ ለወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ፤

በምን አፌ ያጽናዎት ልበል? ከላይ ሆነን ተኩሱን ሰማን። መትረየስ ነበር። እረኞች መጥተው ነገሩን ነገሩኝ። በክርስትና ያነሣሁት ልጅ፣ ባዶ እጁን እንደ ሄደ ቀረ። እኔ ልጅ የለኝም፤ ይህን ያውቃሉ። ሐዘኑን ከእርስዎ እኩል ቀምሼዋለሁ ብል አይቆጡኝ።

እኔ አስቀድሜ ተናግሬ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሸምሶ ውሃ ገንቦ በአንድ እጁ፣ የጣሊያንን እጅ በሌላው ይዞ ነበር። ቦታውንና ቀኑን ከሽማግሌዎቹ ሌላ ማን ያውቅ ነበር? አሁን እግሩን ቆስሎ ቤቱ ተኝቷል አሉኝ። እንዳይታማ ብሎ ያቆሰለው ጌታው ይሆናል!

ደም ይከፈላል። ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ የሸምሶ ቤት አመድ ሆኗል። ሰዎቹን ዛሬ ጧት ልኬአቸዋለሁ። አንድም ጥይት እንዳያባክኑበት ነግሬአቸዋለሁ፤ ለከሐዲ እሳት ይበቃዋል። ለሐዘንዎ ሌላ የምልክልዎ ስለሌለኝ ይህን እንደ እጅ መንሻ ይቀበሉኝ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ልጁ ሲሞት ቃል ተናግሯል ወይ? እኔን ጠርቶ ነበር ወይ?

ገሠሠ


ከእንሴኖ፣ የካቲት 14 ቀን 1930 ዓ.ም.

ገሠሠ፤

ከእንግዲህ አንቱታው ይቅር። ቄሱ እጃቸው ስለለመደ እርስዎ ብለው ሊጀምሩ ነበር፤ አስፋቅኋቸው።

ቃል ተናግሯል ወይ አልከኝ። አገጩ አልነበረም፤ ጥይቱ ወስዶታል። የሚናገርበት አፍ አልነበረውም። መልስህ ይህ ነው።

ሌላውንም ካልነገርኩህ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ እንደ ላከክህ ትቀራለህ። ስለዚህ ስማ።

ተረፈ ቅዳሜ ጧት ድንጋዩን ተሸክሞ መጣ። ከስቶ ስለነበር መጀመሪያ አላወቅሁትም። እናቲቱ ፊት ተንበረከከ። እሷም የተሰነጠቀ መዳፉን፣ ያን ሳንጃ የያዘበትን፣ በእጇ ገልብጣ አየችው። “ይህን ማን ቆረጠህ?” አለችው። “እኔው ነኝ” አላት። ያን ጊዜ ሸምሶን በአገጯ ጠቀሰችው። ሸምሶ ድንጋዩን አነሣና ወደ ገደሉ ወረወረው። ሴቶቹ እልል አልን። ገንቦው ቀረበ። እጃቸው ውሃው ውስጥ እያለ ነው የመጀመሪያው ጥይት የተሰማው።

ጥይቱ የመጣው ከሸምሶ ቤት በኩል አይደለም። ከግጦሹ በላይ ካለው ሸለቆ ነው። እዚያ ማን ነበር ገሠሠ? ያንተ ሰዎች ናቸው። ከዋዜማው ጀምሮ ጠመንጃቸውን ታቅፈው ተጋድመውበት ነበር። አንዲት እንጨት ለቃሚ አይታቸው ደንግጣ ሮጠች፤ ወሬው ሲሮጥ ቡታጅራ ካምፕ ደረሰ። ጣሊያን የመጣው በነሱ ዱካ ነው፤ ተኩሱም የተከፈተው እዚያው ከነሱ ጋር ነው። ስለ እርቁም የሚያውቀው አልነበረም።

ይህን ማን ነገረሽ ትላለህ። አዳነ ነገረኝ። ሆዱን ተመትቶ አንጀቱን በሁለት እጁ ይዞ እየተንፏቀቀ ወረደ፤ ራሱን ያቀፍኩት እኔ ነኝ። “እማማ፣ ግራዝማች ነው ያዘዙን። ለተረፈ ብለው ነው” አለኝና አለፈ። ለተረፈ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። ባላውቅማ ኖሮ ረግሜህ እገላገል ነበር።

መትረየሱ ግጦሹን እንደ ማጭድ ጠረገው። ሽማግሌዎቹ የሚከላከሉበት ከዘራ እንኳ አልያዙም ነበር፤ አብዛኞቹ ገንቦው ዙሪያ እንደ ተቀመጡ ቀሩ። ሸምሶ ተረፈን በእጁ ጎትቶ ወደ እንሰቱ ውስጥ ሮጠ። ደረስኩባቸው። ሸምሶ ጭኑ ተበሳስቶ አጥንቱ ወጥቷል፤ ያም ሆኖ ነጠላውን ቀዶ የልጄን ፊት ይጠቀልል ነበር። ፊት አልነበረም እኮ የሚጠቀለል! ሸምሶ ግን ይጠቀልላል፣ “አይዞህ” ይለዋል፣ ይጠቀልላል። እኔ ነኝ እጁን ይዤ ተው፣ ሞቷል ያልኩት።

ልጄን የቀበሩልኝ ሰዎች ግማሾቹ እስላሞች ናቸው። የተረፉት ሽማግሌዎች፣ እጃቸው ውሃ ነክቷል፣ ደሙ ታጥቧል ብለው ፈረዱ። ከሸምሶ ምድጃ ፍም በገል ተጭሮ ቤቴ ገባ። በልጄ ሞት ወደ ቤቴ ተመለስኩ ገሠሠ፤ በዚያ ሁሉ ሐዘን ውስጥ በገዛ መደቤ ላይ ተኛሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ ሰዎችህ መጡ። በሩን ከውጭ በጠፍር አሰሩት። ሸምሶ መነሣት አይችልም፤ የሸረፋ ሚስት ቁስሉን ልታጥብለት ገብታ ነበር። ክዳኑ ደረቅ ነው፤ ወዲያው ያዘ። ጀፎሩን ሮጬ ተሻገርኩ። አንዱ በሰደፍ ደረቴን መትቶ ጣለኝና “እናታችን፣ ለልጅሽ ደም ነው” አለኝ። “የተረፈ ደም! የተረፈ ደም!” እያሉ ፎከሩ። እሷ በሩን ትደበድብ ነበር፤ ሸምሶ ስሜን ይጠራ ነበር። እንደ ጎረቤት፣ ድረሽልኝ እንደሚባል ነበር የጠራኝ። ጣሪያው ሲወርድ ዝም አለ። እጅ መንሻህ ደርሶኛል።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ደጃፌ ድረስ መጡ። ገዳዩ ተራራ ላይ ነው፣ ጦር አለው፣ ማንም አይደርስበትም፤ በሱ ፈንታ ለእርቅ የሚቀመጥ ዘመድ እዚህ የለውም አሉ። ዘመድ ከሌለ ደሙ ባለቤት የለውም፤ ባለቤት የሌለው ደም አይታጠብም። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። “ገሠሠ ምንሽ ነው?” አሉኝ። ምኔም አይደለም ብል የሚከራከረኝ አልነበረም። ቤቴ እቀመጥ ነበር፣ እንሰቴን እፍቅ ነበር፣ የልጄን መቃብር አጥር እሠራ ነበር። ቄሱም ከበስተኋላቸው ሆነው ምኔም አይደለም በዪ እያሉ በዓይናቸው ለመኑኝ። አሁን ይህን ሲጽፉ ያለቅሳሉ።

“የልጄ የክርስትና አባት ነው። ዘመዴ ነው” አልኳቸው።

እሳቴን አጥፍቼ ወጣሁ። ይኸው እንሴኖ ነኝ። መልስ አትጻፍልኝ፤ የሺመቤትም ካንተ የሚመጣ ቅል እንዳትቀበል ነግሬአታለሁ። ቅዳሜ ስለ አንተ ለመቀመጥ እወርዳለሁ። እናቲቱ በሕይወት አለች። አንዱን ልጇን የእኔ ልጅ፣ ሌላውን የልጄ የክርስትና አባት ገደሉባት፤ የቀረነው እኔና እሷ ብቻ ነን። ድንጋዩን የሚያወርድልኝ ወንድ ልጅ በቤቷ የለም። ከፈለገች እሷው ታውርድልኝ፤ ካልፈለገች እንደተሸከምኩ ፊቷ እቀመጣለሁ።

ወለተጊዮርጊስ